አንድ ድርጊት፣ ሁለት ፍርድ፦ የጦርነት በደል በእኩል ሚዛን ይለካል?

ጠያቂያችን ያነሡት ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ «አንዱ አገር የኤሌክትሪክ ማሠራጫ ሲደበድብ የጦር ወንጀል ነው ይባላል። ሌላው ያንኑ ሲያደርግ ራሱን ተከላከለ ይባላል። ይህን ስናገር ደግሞ ‹ስለ ወዲያኛውስ ለምን ዝም አልክ?› ይሉኛል፤ ክርክሩም እዚያው ላይ ያበቃል። ለሁሉም እኩል የሚሠራ መለኪያ አለ ወይስ ነገሩ ሁሉ የአሸናፊ ፍርድ ነው?»

መለኪያው አለ፤ ተጽፏል፤ ተፈርሞበታል። አራቱን የ1949 የጄኔቫ ስምምነቶች የዓለም አገሮች በሙሉ ተቀብለዋቸዋል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የ1977ቱን አንደኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል ከ170 በላይ አገሮች አጽድቀውታል። አሜሪካ፣ እስራኤልና ኢራን አላጸደቁትም፤ ሆኖም ሲቪልን ከተዋጊ መለየትን የመሳሰሉት ዋና ዋና ድንጋጌዎቹ የልማድ ሕግ (አገሮች በተግባራቸው ግዴታ ብለው የተቀበሉት ሕግ) ስለሆኑ ያላጸደቀውንም ያስራሉ። የሚያጋድለው ሚዛኑን የያዘው እጅ ነው፤ እጁ የት ላይ እንደሚጫን ደግሞ በዝርዝር ማሳየት ይቻላል።

መጀመሪያ ሁለት ጥያቄዎች ይለዩ። አንደኛው «ጦርነቱን መክፈት ተገቢ ነበር ወይ?» ይላል። ሁለተኛው «ውጊያው የተካሄደው ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ ነው ወይ?» ይላል። አብዛኛው አድልዎ የሚወለደው ሁለቱ ሲደባለቁ ነው። የተወረረው ወገን ምርኮኛ ሲረሽን «ተወርሮ ምን ያድርግ!» ይባላል፤ ወራሪው የመታው የጦር ካምፕ ሳይቀር ደግሞ ጭፍጨፋ ተብሎ ይዘገባል። ሕጉ ይህን በር አስቀድሞ ዘግቶታል። የፕሮቶኮሉ መግቢያ ጥበቃው በጦርነቱ ባሕርይና መነሻ፣ ተዋጊዎቹ በሚያራምዱት ዓላማም ልዩነት ሳይደረግ ለሁሉም እንደሚሠራ ይናገራል። አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 8 ደግሞ አንዱ ወገን ሕግ መጣሱ ሌላውን ለሲቪሎች ካለበት ግዴታ ነፃ እንደማያወጣው ይደነግጋል።

«እነሱም አድርገውታል» የሚለው መከላከያ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በቦስኒያ ጦርነት የክሮአት ኃይሎች ኤፕሪል 16 ቀን 1993 አህሚቺ የተባለችውን መንደር አጥቅተው ከ100 በላይ ሙስሊሞችን ገደሉ። ሄግ የቀረቡት ተከሳሾች የሙስሊሙ ወገን በክሮአቶች ላይ ያደረሰውን ተመሳሳይ በደል ለመከላከያነት ሊያቀርቡ ሞክረው ነበር። የዩጎዝላቪያ ጉዳይ የወንጀል ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2000 ውሳኔው ክርክሩን ውድቅ አደረገው። ሲቪልን ያለመግደል ግዴታ ባላጋራ ግዴታውን በማክበሩ ላይ የሚንጠለጠል አይደለምና።

አድልዎ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት ሁለት የመንገደኛ አውሮፕላኖችን ቀረብ ብሎ ማነጻጸር ይጠቅማል። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1983 የሶቪየት ሱ-15 ተዋጊ ጄት ከመስመሩ ወጥቶ የሶቪየትን የአየር ክልል የጣሰ የደቡብ ኮሪያ ቦይንግ 747 በሳካሊን ደሴት አጠገብ መትቶ ጣለ፤ 269 ሰዎች አለቁ። ጁላይ 3 ቀን 1988 ደግሞ ቪንሰንስ የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ በሆርሙዝ ሰርጥ ላይ የኢራንን ኤርባስ ኤ300 መታች፤ 290 ሰዎች አለቁ፣ ከእነዚህም 66ቱ ሕፃናት ነበሩ። ሮበርት ኤንትማን የተባሉ የመገናኛ ብዙኃን ተመራማሪ በ1991 ባሳተሙት ጥናት ትልልቆቹ የአሜሪካ መገናኛ ብዙኃን የመጀመሪያውን እንደ ጥቃትና ግድያ፣ ሁለተኛውን እንደ ቴክኒክ ችግርና አሳዛኝ አጋጣሚ አድርገው ማቅረባቸውን አሳይተዋል።

እዚህ ላይ ቸኩሎ «ይኸው አድልዎ!» ማለት ቀላል ነው። ሥራው ግን ገና መጀመሩ ነው፤ ሁለቱ ድርጊቶች በምን እንደሚለያዩ መዘርዘር አለበት። የሶቪየቱ አብራሪ ተጠግቶ አውሮፕላኑን በዓይኑ አይቶታል፤ መብራቶቹም ይበሩ ነበር። የቪንሰንስ ሠራተኞች ያዩት በራዳር ብቻ ነው፤ በዚያው ሰዓትም ከኢራን ጀልባዎች ጋር ተኩስ ገጥመው ነበር። በሌላ በኩል የኢራኑ አውሮፕላን በታወቀ የበረራ መስመር ላይ ከፍታ እየጨመረ ነበር፤ መርከቧ ግን የነበረችው በኢራን የውኃ ክልል ውስጥ ነው። ከድርጊቱ በኋላ የሆነውም ይለያያል። ሶቪየት ኅብረት መጀመሪያ ካደች፤ የበረራ መቅረጫዎቹንም ለዓመታት ደበቀች። አሜሪካ በዚያው ቀን አመነች፤ በ1996 ለተጎጂ ቤተሰቦች 61.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች፤ ሕጋዊ ኃላፊነትን ግን አልተቀበለችም፤ ለመርከቧ አዛዥም ለአገልግሎት ዘመኑ ሜዳልያ ሰጠች። እንግዲህ ማወቅን በሚመለከት የሶቪየቱ ይከብዳል፤ ጥንቃቄን በሚመለከት ሁለቱም ይወድቃሉ፤ ተጠያቂነትን በሚመለከት ሁለቱም በየፊናቸው ጎድለዋል። የሚገባው የፍርድ ልዩነት ይህን ያህል ነው። «ግድያ» እና «አጋጣሚ» በሚሉት ቃላት መካከል ያለውን ርቀት ያህል ግን በፍጹም አይሆንም፤ ያ ትርፍ ርቀት ነው አድልዎ የሚባለው።

ከዚህ የሚወጣው አሠራር እንዲህ ነው። ደንቡን አስቀድመው ይጻፉ፤ ድርጊቱን ደግሞ ያለ አገር ስም ይጻፉ። ለምሳሌ «አንድ የታጠቀ ወገን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቤተሰቦች የሚኖሩበትን ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ፣ ውስጡ አንድ አዛዥ አለ ብሎ፣ 900 ኪሎ ግራም በሚመዝን ቦምብ መታ» ይበሉ። ከዚያ ይጠይቁ፦ ዒላማው ለውጊያው ተጨባጭ አስተዋጽኦ ነበረው ወይ፣ መመታቱስ ግልጽ ወታደራዊ ጥቅም ያስገኛል ወይ (የፕሮቶኮሉ አንቀጽ 52)? ይደርሳል ተብሎ የተጠበቀው የሲቪል ጉዳት ከሚጠበቀው ተጨባጭና ቀጥተኛ ወታደራዊ ጥቅም አንፃር የበዛ ነበር ወይ (አንቀጽ 51)? አነስ ያለ መሣሪያ መጠቀም፣ ሰዓት መቀየር፣ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይቻል ነበር ወይ (አንቀጽ 57)? መልሱን በወረቀት ካሰፈሩ በኋላ መጀመሪያ የሚጠሉትን፣ ቀጥሎ የሚወዱትን አገር ስም ያስገቡበት። ፍርድዎ ከተለወጠ የለወጠውን ፍሬ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። መጻፍ ካቃተዎት የለወጠው ባንዲራው ነው።

ይህ አሠራር በሁለት ቦታ ላይ ደጋግሞ ይበላሻል። አንዱ ሬሳ ቆጥሮ መፍረድ ነው። የሟቾች ቁጥር ለምርመራ መነሻ ይሆናል፤ ብቻውን ግን ፍርድ አይሆንም፤ ሕጉ የሚመዝነው አዛዡ ትእዛዝ ሲሰጥ የሚያውቀውንና ማወቅ የነበረበትን ነው። የጀርመኑ ጄኔራል ሎታር ሬንዱሊች በ1944 መጨረሻ ከሰሜን ኖርዌይ ሲያፈገፍግ የሶቪየት ጦር በቅርብ የሚከተለው መስሎት በፊንማርክ ቤት ንብረቱን አቃጠለ። ግምቱ ስሕተት ነበር። በ1948 ኑረምበርግ ላይ የተሰየሙት አሜሪካውያን ዳኞች ግን በወቅቱ ከነበረው መረጃ አንፃር ለውሳኔው በቂ መነሻ ነበረው ብለው በዚህ ክስ ነፃ አወጡት፤ በሌሎች ክሶች 20 ዓመት ፈረዱበት። የተሸነፈ ጠላት ጄኔራል በዚያ ሰዓት በሚያውቀው ልክ ተዳኘ ማለት ነው። የራስዎን ወገን አዛዥ «ውጊያ መሐል ነበር» ብለው የሚረዱት ከሆነ ለባላጋራም ያንኑ መስጠት አለብዎት፤ ለባላጋራ የሚነፍጉት ከሆነ ከራስዎም ወገን ይንሡ።

ሌላው የሚበላሽበት ቦታ ማስረጃ ነው። የሚያምኗቸውን ምንጮች ከመፍረድዎ በፊት ይወስኑ። የተባበሩት መንግሥታት አጣሪ ኮሚሽን ስለ አንዱ ጦርነት ያለውን ተቀብለው ያው ዓይነት ኮሚሽን ስለ ሌላው ያለውን የሚጥሉ ከሆነ ምክንያቱ ከግኝቱ ውጭ መሆን አለበት፦ ቦታው ድረስ ገብቷል ወይ፣ ምስክሮችን ለየብቻ ጠይቋል ወይ፣ ስብርባሪውን መርምሯል ወይ። የሳተላይት ምስል፣ የተቀረጸበት ቦታና ሰዓት የተረጋገጠ ቪዲዮ፣ መለያ ቁጥር ያለው የመሣሪያ ስብርባሪ፣ የሆስፒታል መዝገብ ክብደት አላቸው። የጦር ቃል አቀባይ ቃል ብቻውን ለማንም ወገን ማስረጃ አይሆንም።

ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነገር ያለው እዚሁ ላይ ነው። እጆቹ የፊጥኝ ታስረው በጥይት የተገደለ ሰው ሬሳ ወንጀሉን ራሱ ይናገራል። በቦምብ የፈረሰ ሕንፃ ግን ዒላማው ምን እንደነበር፣ አዛዡ ምን እንደሚያውቅ አይናገርም፤ ያንን የሚያውቀው ቦምቡን የጣለው ጦር ነው፣ ሰነዱም ያለው በእጁ ነው። በዚህ የተነሣ በቅርብ የሚገድል ድሀ ሠራዊት «አረመኔ» ሲባል ከሩቅ የሚገድለው ባለጸጋ ሠራዊት «ተሳሳተ» ይባላል። ማንም አድልዎ ማድረግ ሳይፈልግ የማስረጃው አቀማመጥ ብቻ ለአየር ኃይል ባለቤቶች ያጋድላል። መፍትሔው የመረጃ ሸክሙን ማዛወር ነው፦ ሰነዱን የያዘ ወገን ሰነዱን ካላቀረበ ዝምታው በጥርጣሬው ጥቅም መሸለም የለበትም።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ እንምጣ። ለሲቪልና ለጦር የሚያገለግል ማሠራጫ ወታደራዊ ዒላማ ሊሆን የሚችልበት ጊዜ አለ፤ ወሳኙ በሕዝቡ ላይ ይደርሳል ተብሎ የሚጠበቀው ጉዳት ነው። ኔቶ በ1999 የሰርቢያን የኃይል ማሠራጫዎች መጀመሪያ መስመሩን ለሰዓታት በሚያጠፋ የግራፋይት ክር፣ በኋላም በፈንጂ መታ። ጉዳዩን እንዲያይ የዩጎዝላቪያ ፍርድ ቤት ዐቃቤ ሕግ ያቋቋመችው ኮሚቴ በ2000 ምርመራ እንዳይከፈት መከረ። በማርች 2024 ደግሞ ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ በዩክሬን የኃይል አውታር ላይ በደረሰው ድብደባ ሁለት የሩሲያ አዛዦች እንዲያዙ ማዘዣ አወጣ። የማዘዣው ምክንያት ለንጽጽር ይጠቅማል፦ አንዳንዶቹ ተቋማት ወታደራዊ ዒላማ ሊባሉ ቢችሉ እንኳ የሚጠበቀው የሲቪል ጉዳት ከጥቅሙ በግልጽ የበዛ ነው የሚል ነበር። ይህ ጥሩ መለኪያ ነው፤ ወደ ኋላም ወደ ፊትም መሥራት አለበት። የክረምት ብርድ፣ ለወራት መደጋገሙና ስፋቱ የዩክሬኑን ከሰርቢያው ያከብደዋል፤ የሰርቢያውን ግን ከጥያቄ ነፃ አያወጣውም። የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት በኦክቶበር 2022 ሕዝብን ከውኃ፣ ከመብራትና ከማሞቂያ ለመነጠል የሚደረግ ድብደባ የጦር ወንጀል ነው ብለው ነበር። ከዓመት በኋላ የእስራኤል መከላከያ ሚኒስትር ጋዛ መብራት፣ ምግብና ነዳጅ እንዳይገባላት ማዘዛቸውን በአደባባይ ሲናገሩ ከብዙ ምዕራባውያን መሪዎች ያው ቃል አልተሰማም። በአንጻሩ የጋዛውን አምርረው የሚያወግዙ የሞስኮ ባለሥልጣናት በዚያው ሳምንት በካርኪቭ የሚወድቀውን ሚሳይል አያዩትም። በሽታው የአንድ ጎራ አይደለም።

ክላስተር ቦምብን፣ ማለትም ብዙ ትንንሽ ቦምቦችን የሚበትነውን መሣሪያ፣ በተመለከተም ያው ነው። በፌብሩዋሪ 2022 የኋይት ሐውስ ቃል አቀባይ ሩሲያ ይህን መሣሪያ ተጠቅማ ከሆነ የጦር ወንጀል ሊሆን እንደሚችል ተናገሩ፤ በጁላይ 2023 አሜሪካ ራሷ ለዩክሬን ሰጠች። የቀረበው ምክንያት የአሜሪካው ሳይፈነዳ የሚቀረው ከ2.35 በመቶ እንደማይበልጥና ዩክሬን የምትጠቀመው በገዛ መሬቷ ላይ እንደሆነ ነው። ልዩነቱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። የሚፈተነው ግን በአንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ልዩነት ወዳጅ መሣሪያውን ከመፈለጉ በፊት ተነግሮ ያውቃል? ካልተነገረ ለጊዜው የተፈበረከ ነው።

«የአሸናፊ ፍርድ» ለሚለው መልሱ በከፊል አዎ ነው። የናዚ መሪዎችን የዳኘው ፍርድ ቤት የተቋቋመበት የኑረምበርግ ቻርተር የተፈረመው ኦገስት 8 ቀን 1945፣ ከሂሮሺማ ሁለት ቀን በኋላ ነው፤ ሥልጣኑም በአውሮፓ አክሲስ መንግሥታት (በጀርመንና በተባባሪዎቿ) ሰዎች ላይ ተወሰነ። በማርች 1945 በአንዲት ሌሊት ቶኪዮ ላይ ወደ 100,000 የሚገመት ሰው ያለቀበት የእሳት ድብደባ ማንንም ፍርድ ቤት አላቆመም። የሶቪየት ዐቃቤያነ ሕግ በካቲን የተገደሉትን የፖላንድ መኮንኖች በጀርመን ላይ ለማላከክ ሞከሩ፤ ፍርዱ ጉዳዩን ሳያነሣ አለፈው፤ ሞስኮ የራሷ ሥራ መሆኑን ያመነችው በ1990 ነው። በአንድ ነገር ግን ዳኞቹ ሐቀኞች ነበሩ። የጀርመን ባሕር ኃይል አዛዥ የነበረው አድሚራል ዴኒትዝ በባሕር ሰርጓጅ መርከብ ውጊያ ሕግ ጥሷል ቢሉም ቅጣቱን ሲወስኑ ይህን አልቆጠሩበትም፤ ብሪታኒያም አሜሪካም ያንኑ ማድረጋቸውን የአሜሪካው አድሚራል ኒሚትዝ ጭምር በጽሑፍ መስክረው ነበርና። በሌላው ጥፋቱ 10 ዓመት ፈረዱበት።

ከአሸናፊዎቹ ወገን የቆመ ሰው ሲያመልጥ ምን እንደሚመስል ለማየት ግን ጣሊያንን የመሰለ ምሳሌ የለም። መርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925 ፕሮቶኮል በ1928 አጽድቃ ከዲሴምበር 1935 ጀምሮ በኢትዮጵያ ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ከአውሮፕላን አዘነበች። የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ጣለ፤ ነዳጅን ግን ከማዕቀቡ አወጣ፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ ከተናገሩ ከቀናት በኋላ ማዕቀቡንም ለማንሣት ወሰነ። በ1948 የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀሎች ኮሚሽን በባዶሊዮና በግራዚያኒ ላይ የቀረበውን ክስ ተቀብሎ መዘገበ፤ ሆኖም ባዶሊዮ በ1943 ከእነ አሜሪካና ብሪታኒያ ጋር የተኩስ አቁም የፈጸመው መንግሥት መሪ ስለነበር ለክስ የሚፈልገው ኃያል አገር አልተገኘም። ግራዚያኒ በ1950 በገዛ አገሩ 19 ዓመት ተፈረደበት፤ ያውም ከናዚዎች ጋር በመተባበሩ፤ በወራት ውስጥም ተፈታ። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙን ያመነው በ1996 ነው።

ሆኖም ከዚህ ሁሉ «እንግዲያው ማንም ሊከሰስ አይገባም» የሚል መደምደሚያ አይወጣም። ባዶሊዮ አለመዳኘቱ የኑረምበርግ ተከሳሾችን ንጹሕ አያደርጋቸውም። አድልዎን መቃወም ያመለጠውን ለማስያዝ ካልሆነ የተያዘውን ለማስፈታት የሚውል መሣሪያ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም የሚውለው ለዚሁ ነው። «ሁሉም ያው ነው» ማለትም ከአድልዎ አይሻልም። በጃንዋሪ 1993 ከስሬብሬኒትሳ የወጡ የሙስሊም ተዋጊዎች የክራቪትሳን የሰርብ መንደር አጥቅተዋል፤ የዚያ ቀን ሟቾችም ስም አላቸው። በጁላይ 1995 ግን በስሬብሬኒትሳ ከ8,000 በላይ ሙስሊም ወንዶችና ልጆች በሰርብ ኃይሎች በዕቅድ ተረሽነዋል፤ የዩጎዝላቪያው ፍርድ ቤትም ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤትም ዘር ማጥፋት ብለውታል። በእኩል ሚዛን የተመዘኑ ነገሮች ክብደታቸው እኩል ሆኖ ይወጣል ማለት አይደለም።

ቅጣትን በተመለከተ አድልዎው አሁንም ግልጽ ነው። በሜይ 2014 የሶሪያን ጉዳይ ወደ ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ለመምራት የቀረበውን ረቂቅ ሩሲያና ቻይና በቬቶ ጣሉት። ፕሬዚዳንት ባይደን በማርች 2023 በፑቲን ላይ የወጣውን ማዘዣ ተገቢ ነው ሲሉ፣ በኖቬምበር 2024 በኔታንያሁ ላይ የወጣውን አስነዋሪ አሉት። የፍርድ ቤቱ አባል የሆነችው ሞንጎሊያ በሴፕቴምበር 2024 ፑቲንን ተቀብላ ሸኘች። ደቡብ አፍሪካ በ2015 የዚሁ ፍርድ ቤት ማዘዣ የወጣባቸውን የሱዳን ፕሬዚዳንት አልበሽርን እንዲሁ አሳልፋለች፤ ኋላ ግን በጋዛ ጉዳይ እስራኤልን የከሰሰች እሷው ናት። የእሷ የቀድሞ ጥፋት ክሱን ውሸት አያደርገውም፤ ክሱ የሚፈተነው በማስረጃው ነው።

«ለምን ዝም አልክ?» የሚለው ጥያቄ የቀረው ነው። ትኩረት ማነስና ፍርድ ማዛባት የተለያዩ ናቸው። ማንም ሰው ሁሉንም ጦርነት እኩል ሊከታተል አይችልም፤ የገዛ መንግሥቱ መሣሪያ የሚሸጥበትን ጦርነት አብዝቶ ቢያነሣ ደግሞ ተገቢ ነው፤ ድርሻ አለበትና። በ2014 ሥራ ላይ የዋለው የመሣሪያ ንግድ ስምምነት አንቀጽ 6 መሣሪያው ለጦር ወንጀል እንደሚውል እያወቀ የሚልክን አገር የሚከለክለው በዚሁ መሠረት ነው። ጠያቂዎ ሌላ ጦርነት ሲያነሣ ሁለት ነገር ብቻ ይመልሱ። አንደኛ፣ ያ ድርጊት እንደተባለው ከሆነ በዚሁ ደንብ ወንጀል መሆኑን በግልጽ ይናገሩ፤ ይህን ለመናገር ካመነቱ ጠያቂዎ ልክ ነው። ሁለተኛ፣ እሱም ስለ መጀመሪያው ያንኑ እንዲል ይጠይቁት። ሁለታችሁም ካላችሁ ወደ ፍሬ ነገሩ ተመለሱ፦ የትኛው ማሠራጫ፣ በስንት ሰዓት፣ በምን መሣሪያ፣ በማን ትእዛዝ።